ተነሺውም አንሺውም አንድ ሰው ሲሆን

ፎቶግራፍ መነሣት ቀድሞ የቀጠሮ ነገር ነበር። ሰው ልብሱን አሳጥቦና አስተኩሶ፥ ጠጉሩን አበጥሮ፥ ሲቸግረውም ከወዳጁ ኮት ወይም የእጅ ሰዓት ተውሶ ወደ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። እዚያም ባለሙያው ተቀብሎ ከወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ አገጩን ቀና ያደርግለታል፤ ኮሌታውን ያስተካክልለታል፤ መብራቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል፤ በመጨረሻም «እንዳትንቀሳቀስ!» ብሎ ያነሣዋል። ፊልሙ ታጥቦ ሥዕሉ እስኪወጣ ድረስ ተነሺው ቀን እየቆጠረ ይጠብቃል። ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቶ እያንዳንዱ ሰው ፎቶ ቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ዳሩ ግን ፎቶ ቤቱ ወደ ኪስ ሲገባ ባለሙያው አብሮ አልገባም። ስሕተቱ ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወደ አሶሳ የሄደ አንድ ወጣት መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በዐሳባችን እንያዝ። ቀትር ላይ ከቢሮው ወጥቶ፥ ክንዱን ዘርግቶ፥ በስልኩ ራሱን ያነሣና ሥዕሉን ለናቱ ይልካል። እናቱም ሥዕሉን ባየች ጊዜ «ምነው ልጄ ከሳህ? ምነው ዐይንህ ጎደጎደ? አሞሃል ወይ?» ብላ ትደነግጣለች። ልጁ ግን አልታመመም፤ አልከሳምም። ዐይኑን ያጎደጎደችው የቀትር ፀሐይ ናት፤ አፍንጫውን ያገዘፈው የክንዱ ማጠር ነው፤ ፊቱን ያጨለመው ከበስተኋላው ያለው የነጣ ግድግዳ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያወቀ ሰው በሚቀጥለው እሑድ የሚልከው ሥዕል እናቱን የሚያጽናና ይሆናል።

ስለዚህ ነገር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ የከንቱ ውዳሴ ትምህርት ሊመስለው ይችላል። ጉዳዩ ግን መልክን ከማሳመር ያለፈ ነው፤ የአንድ ሰው መልክ እንደ ራሱ ሆኖ ለሌላው መድረሱ ነው ቁም ነገሩ።

ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ራስን በራስ ማንሣት የዛሬ ፈሊጥ አለመሆኑን አስቀድመን እንናገር። ሮበርት ኮርኔሊየስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ካሜራውን ደግኖ፥ እፊቱ ቆሞ፥ ሳይንቀሳቀስ ራሱን በራሱ አንሥቷል። ይኸውም የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም በተገለጠበት በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ ዛሬ «ሰልፊ» የምንለው ነገር ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ታሪክ ግን ብዙ ዘመን ተነሺው ሌላ፥ አንሺው ሌላ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ስታነሣው ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። ሥዕሉን ዛሬ የሚያይ ሰው ሁሉ የሕፃኑን ፊት ኀዘን ሳያስተውል አያልፍም። ያ ልጅ ካሜራውን አልመረጠም፤ ቦታውን አልመረጠም፤ ለማን እንደሚታይም አልተጠየቀም። ሥዕሉ እጅግ ውብ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ዐሳብ ነው።

ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቤተ መንግሥቱን አገለገሉ። ጥበቡ ከቤተ መንግሥት ወደ መኳንንት ቤት፥ ከመኳንንት ቤት ወደ ከተማው ፎቶ ቤት፥ ከፎቶ ቤትም ወደ ሁሉ ሰው ኪስ እየወረደ መጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፥ እነሆ ዛሬ እንዴት ልታይ ብሎ የሚወስነው ተነሺው ራሱ ሆኗል። ይህ ትንሽ ሥልጣን አይደለም። ሥልጣን ደግሞ ዕውቀትን ይፈልጋል።

ካሜራና የቆዳ ቀለም

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ፤ አማራው፥ ኦሮሞውና ሌላውም አብሯቸው አለ። በአሶሳ ገበያ አንድ ጊዜ የተዘዋወረ ሰው ከቀይ እስከ ጥቁር ያለውን የቆዳ ቀለም ሁሉ በአንድ ረድፍ ያያል። ካሜራ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዐይን አላየውም። ምክንያቱን ማወቅ ይገባል።

የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ፎቶግራፍ አጣቢዎች ቀለሙን የሚያስተካክሉበት አንድ የመለኪያ ካርድ ያድል ነበር። በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ስትሆን፥ ካርዱም በእርስዋ ስም «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ፊት ካማረ ሥራው አማረ ይባል ነበር። ስለዚህ ጥቁር ሰው በዚያ ፊልም ሲነሣ ጥርሱና የዐይኑ ነጭ ብቻ ጎልቶ የቀረው ፊቱ በጨለማ ይዋጥ ነበር። ጥቁሮች ቤተሰቦች ስለዚህ ቢያጉረመርሙም ኩባንያው ፊልሙን ለማሻሻል በብርቱ የተገፋፋው ቸኮሌት ሠሪዎችና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች የዕቃችን ቡናማ ቀለም በትክክል አይወጣም ብለው ባመለከቱ ጊዜ እንደ ሆነ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ይህን ያነበበ ሰው ያዝናል፤ ወይም ይስቃል። የሰው ፊት ያላስገኘውን ማሻሻያ ቸኮሌት አስገኘው።

በዛሬ ስልክ ይህ ነገር ብዙ ተሻሽሏል። በአፍሪካ ገበያ የታወቀው፥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያም ስልክ መገጣጠም የጀመረው የትራንሽን ኩባንያ «ቴክኖ» በተባለው ስልኩ ጥቁር ፊትን ለይቶ የሚያነሣ ካሜራ በመሥራት ስም አግኝቷል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ የታሰበ ማሻሻያ በስልኩ ላይ አውጥቷል። ቢሆንም ካሜራ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ የቆየ ጠባይ አልተወም፤ ያየውን ሁሉ አደባልቆ መካከለኛ ብርሃን ሊያደርገው ይፈልጋል። ከበስተኋላችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ብሩህ ሰማይ ካለ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ጥቁር ፊትም ከሁሉ በፊት ይጎዳል።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ «ውበት» የተባለ ማስተካከያ አለ። ይህ ማስተካከያ ብዙውን ጊዜ ባለስልኩ ሳይጠይቀው ፊትን ያነጣል፥ ቆዳን ይልጋል፥ አገጭን ያሾላል። በቋንቋችንም ውስጥ መልክን ስናወድስ «ቀይ ነው፥ የቀይ ዳማ ነው» ማለት ይቀናናል፤ «ጥቁር» የሚለውን ቃል ግን አለዝበን «ጠይም» እንለዋለን። የምዕራቡ ቆላ ሕዝብ በባሪያ ንግድ ዘመን በቀለሙ ምክንያት የደረሰበት በደል የታወቀ ነው፤ ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑም አይረሳም። እንግዲህ በአሶሳ ያለ አንድ ተማሪ ስልኩ ሳይነግረው ፊቱን ሲያነጣበት ነገሩ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መሣሪያው «እንደዚህ ብትሆን ይሻልህ ነበር» እያለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማስተካከያ ፈልጎ ማጥፋት ይገባል።

የአሶሳ ፀሐይ

ፎቶግራፍ የሚሠራው በብርሃን ነውና የአገሩን ብርሃን ማወቅ የሙያው መጀመሪያ ነው። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባም ወደ ምዕራብ ርቃ ስለ ተቀመጠች ፀሐይ በአሶሳ አናት ላይ የምትደርሰው ከአዲስ አበባ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ስለዚህ በአሶሳ እውነተኛው ቀትር እንደ ወራቱ ጥቂት ከፍና ዝቅ እያለ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የምሳ ሰዓት ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ዕረፍት አግኝቶ ስልኩን የሚያወጣው በዚሁ በከፋው ሰዓት ነው።

በቀትር ፀሐይ ከላይ ስትወርድ ቅንድብ በዐይን ላይ፥ አፍንጫ በከንፈር ላይ፥ አገጭ በአንገት ላይ ጥላ ይጥላል። ሚያዝያ 8 እና ነሐሴ 21 ገደማ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በአሶሳ አናት ትክክል ስለምታልፍ፥ በእነዚህ ቀኖች ግድም በቀትር የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር አይወጣም። ፊቱም እንደዚሁ በራሱ ጥላ ይሸፈናል። የተሻለው ሰዓት ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፥ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመጣ ፊት ቅርጹን ያገኛል፤ ጥቁር ቆዳም የመዳብና የነሐስ መልክ ይሰጣል።

በክረምት ደመናው ሰማዩን ሁሉ ሲሸፍን ብዙ ሰው «ዛሬ ብርሃን የለም» ብሎ ስልኩን ይከታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ደመና ማለት ፎቶ ቤቶች በገንዘብ ገዝተው በመብራታቸው ፊት የሚዘረጉት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ብርሃኑን አለዝቦ ለፊት ሁሉ እኩል ያካፍላል። ዝናቡ ቆም ባለ ጊዜ ከቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ከዚያ የተሻለ ብርሃን ገዝቶም አያገኝ።

ቤትና በር

በርዕሳችን እንደ ተባለው ተነሺውም አንሺውም አንድ ሰው ከሆነ፥ ፎቶ ቤቱ መኖሪያ ቤቱ ነው። ለዚህም የሚሆን ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ አንድ በር ይበቃል።

በቀርከሃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ ጎጆ ውስጡ ጨለማ፥ በሩም አንድ ብቻ ነው። ይህ ለሌላ ሥራ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለፎቶግራፍ ግን ታላቅ ሀብት ነው። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ሰዓት ከደፍ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ያህል ገብታችሁ ፊታችሁን ወደ ውጭ መልሱ። ብርሃኑ ከአንድ ወገብ በለስላሳ ይመጣል፤ ከበስተኋላችሁ ያለው ጨለማ ፊታችሁን አጉልቶ ያወጣል። ከዚያም ከበሩ ወደ ጎን ጥቂት ዞር ብትሉ አንዱ ጉንጭ በርቶ ሌላው ጥላ ይይዛል፤ ፊትም ጠፍጣፋ መሆኑ ይቀራል። የቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት የሚኖር ሰው ይህንኑ በበረንዳው ጥላ ወይም በመስኮቱ አጠገብ ያገኛል።

የፈረንጅ መጻሕፍት «የሰሜን መስኮት ምረጥ፤ ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትም» ብለው ያስተምራሉ። ይህ ምክር ለለንደንና ለፓሪስ እውነት ነው። በአሶሳ ግን ከሚያዝያ 8 ገደማ እስከ ነሐሴ 21 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የደቡቡን መስኮት፥ በቀሩት ወራት የሰሜኑን መስኮት መምረጥ ይገባል። የሌላ አገር ምክር ሁሉ በራስ አገር ፀሐይ መፈተን አለበት።

የጥላው ወገን ከመጠን በላይ ከጨለመ ነጠላ ወይም ነጭ አንሶላ አጥፋችሁ ከደረታችሁ በታች ከሥዕሉ ውጭ በጉልበታችሁ ላይ ዘርጉ። ብርሃኑ ከጨርቁ ነጥሮ ወደ ዐይንና ወደ አገጭ ሥር ይደርሳል። በመስኮት ብርሃን ስትነሡ ደግሞ የቤቱን አምፑል አጥፉ። የአምፑልና የፀሐይ ብርሃን ቀለማቸው ስለማይስማማ ፊት ግማሹ ቢጫ፥ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ግድግዳው በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ከሆነም ከእርሱ ራቅ በሉ፤ ቀለሙ በጉንጭ ላይ ይጋባልና። በሌሊት የግድ ከሆነ የስልኩን ፍላሽ በቀጥታ ወደ ፊት አትተኩሱ፤ የሌላ ስልክ መብራት በነጭ ግድግዳ ወይም በነጭ ወረቀት ላይ አብርታችሁ በተመለሰው ብርሃን ተነሡ። በቀጥታ የመጣ ፍላሽ ጥቁር ቆዳን ያብለጨልጨዋል እንጂ አያሳየውም።

ስለ ርቀት

እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ አንድ የሐኪሞች ጥናት፥ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፊት ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሣው ጋር ሲመዛዘን የአፍንጫው ስፋት በ30 በመቶ ያህል ጨምሮ እንደሚታይ አስልቷል። ጥናቱን ያነሣሣው ነገር የሚያስገርም ነው፤ በሰልፊ የሚያዩትን አፍንጫቸውን ጠልተው ቀዶ ጥገና የሚጠይቁ ሰዎች በመብዛታቸው ነው። አፍንጫቸው ምንም አልነበረውም። ችግሩ ካሜራው መቅረቡ ነበር፤ ለካሜራው የቀረበ ሁሉ ይገዝፋል፥ የራቀ ሁሉ ያንሳልና።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ስልኩን ከእጃችሁ አውጥታችሁ አንድ ቦታ አስደግፉት፤ እናንተም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፤ በጣም ራቅን ካላችሁ በኋላ ሥዕሉን መቍረጥ ይቻላል። በተቻለ መጠን በስልኩ ጀርባ ያለውን ካሜራ ተጠቀሙ፤ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ካሜራ ይበልጣል። አብዛኛውም ስልክ ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ የሚያነሣበት መሣሪያ ስላለው 10 ሰከንዱን ምረጡ።

ስልኩን ምን ላይ እናስደግፈው? ለሚለው የአሶሳ ሰው መልሱን ከደጁ ያገኛል። የኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃ አብዛኛው የሚበቅለው በዚሁ ክልል ነው። ወገብ የሚደርስ ቀርከሃ ቆርጣችሁ፥ ጫፉን ስልኩ በሚያክል ስንጥቅ ከፍታችሁ፥ ሥሩን አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ትከሉት። ከወንበር ላይ ሲቀመጡ ካሜራው ከዐይን ትክክል ይሆናል። ከዐይን በታች ሆኖ የተነሣ ሰው አፍንጫውና አገጩ ይታያል፤ በጣም ከላይ የተነሣ ደግሞ ግንባሩ ብቻ ይገዝፋል። የት እንደምትቀመጡ ለማወቅ መሬቱ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። ከስልኩ በስተ ኋላ መስተዋት ብትሰቅሉም በጀርባው ካሜራ ስትነሡ ራሳችሁን በመስተዋቱ ውስጥ ታያላችሁ።

ስልኩን ማዘዝ

ስልክ አገልጋይ ነው፤ ካልታዘዘ ግን የወደደውን ያደርጋል። በመጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ቀኑን ሙሉ በጣት የተነካካ ሌንስ ሥዕሉን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ባለቤቱም ስልኬ አረጀ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቀጥሎም በመስተዋቱ ላይ ፊታችሁ ያለበትን ስፍራ በጣት ንኩ፤ በዚያን ጊዜ ካሜራው ብርሃኑን በግድግዳው ሳይሆን በፊታችሁ ይመዝናል። የምትታየውን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ስትገፉ ሥዕሉ ይበራል፥ ወደ ታች ስታወርዱ ይጨልማል። ጥቁር ፊት ያለው ሰው ጥቂት ከፍ ያድርገው፤ ነገር ግን ቆዳው ቀለሙን እስኪያጣ ድረስ አያብዛው። ዓላማው ማንጣት ሳይሆን መታየት ነው።

ከበስተኋላ የሚሆነው ነገር ከነጭ ግድግዳ ይልቅ የቀርከሃ አጥር፥ የጭቃ ግድግዳ ወይም የማንጎ ዛፍ ጥላ ቢሆን ይመረጣል። ከግድግዳውም አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ ተለጥፋችሁ ከቆማችሁ ጥላችሁ አብሯችሁ ይነሣል። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ከኋላችሁ ያለውን ጠረጴዛ ተመልከቱ። የሰው ስም ያለበት መዝገብ፥ የመታወቂያ ቍጥር ወይም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በሥዕሉ ውስጥ ገብቶ አገር እንዳይዞር መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

የገዛ ፊታችንን ስለ መጥላት

ሁሉ ነገር ተስተካክሎም ሥዕሉን ያየ ሰው «ይህ እኔን አይመስልም» ሊል ይችላል። ለዚህም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. በአሜሪካ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ለሰዎች ሁለት ዐይነት ሥዕላቸውን አሳዩ፤ አንዱ እንዳለ፥ ሁለተኛው እንደ መስተዋት ግራና ቀኙ የተገለበጠ። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ የተገለበጠውን ወደዱ፤ ወዳጆቻቸው ግን እንዳለ ያለውን መረጡ። ሰው የለመደውን ይወዳል፤ እኛ የለመድነው የመስተዋቱን ፊታችንን ነው፤ ወዳጆቻችን የለመዱት እውነተኛውን ነው። ስለዚህ ከሥዕሎቹ የትኛው እንደሚሻል የማታውቁ ከሆነ የሚወዳችሁን ሰው ጠይቁ። እርሱ ከእናንተ ይልቅ ፊታችሁን ያውቀዋል።

ስትነሡም ዐይናችሁ በስልኩ መስተዋት ላይ ሳይሆን በሌንሱ ላይ ይረፍ። ትንፋሽ ወስዳችሁ አውጡ፤ ትከሻችሁን ጣሉ፤ የምትወዱትን ሰው ዐስቡ። አንድ ሥዕል አንሥቶ መርካት አይገባም፤ በአሥሩ ውስጥ አንዱ ይሳካል። የቀድሞው ባለሙያ ፊልም ስለሚወደድበት ይቆጥብ ነበር፤ የዛሬ ሰው ግን መቆጠብ ያለበት ማንሣትን ሳይሆን መላክን ነው።

ጉርድ ፎቶግራፍ

ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለትምህርት ቤት የሚፈለገው ጉርድ ፎቶግራፍም በቤት ውስጥ በደንብ ሊነሣ ይችላል። ፊት ቀጥ ብሎ፥ ዐይን ተከፍቶ፥ ጥላ ሳይኖር፥ ከበስተኋላ ወጥ የሆነ ነጣ ያለ ጨርቅ ተሰቅሎ፥ ምንም ማስተካከያ ሳይገባበት ይነሣና 3 በ4 አድርጎ የሚያትም ፎቶ ቤት ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ከበስተኋላ ነጭ ስለሚሆን ፊትን በጣት ነክቶ ማብራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስፈልጋል። ለፋይዳ መታወቂያ ግን ፎቶግራፉ በምዝገባው ጣቢያ እዚያው ስለሚነሣ ከቤት ይዞ መሄድ የለም።

እዚህ ላይ ለወጣት ሹማምንት አንድ ቃል አለኝ። በየቀበሌው፥ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ለመታወቂያ ወይም ለመዝገብ የሰው ፎቶግራፍ የምታነሡ አላችሁ። ከጉሙዝ መንደር ሰዓታት በእግሯ ተጉዛ የመጣች አንዲት እናት በነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ በችኮላ ስትነሣ፥ በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ፊት ሳይሆን ጥቁር ነጥብ ሊሆን ይችላል። በመታወቂያዋ ላይ ፊቷ የማይለይ ሰው መታወቂያ አላት ማለት አይቻልም፤ በሄደችበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «ይህች አንቺ ነሽ ወይ?» ስትባል ትኖራለች። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ዞር ማድረግና ፊቷን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ማስተካከል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህችን አንድ ደቂቃ መስጠት የመንግሥት ሥራ ክፍል ነው እንጂ ቸርነት አይደለም።

ጠባሳና ንቅሳት

በበርታም በጉሙዝም ዘንድ ፊትን ወይም ገላን በጠባሳ ማስጌጥ ከጥንት የመጣ ልማድ ነበር፤ በደጋውም አገር የአያቶቻችን አንገትና ድድ በንቅሳት ያጌጠ ነው። ልማዱን ዛሬ ማንም ቢተወው፥ ምልክቱ ግን የተሸካሚው ታሪክ ነው። ቆዳ የሚልገው የስልክ ማስተካከያ ጠባሳን፥ ንቅሳትን፥ የዕድሜ መሥመርንም ሳይለይ «ጉድፍ» ብሎ ይደመስሰዋል። አያትን አንሥቶ የንቅሳቷን ሐረግ ያጠፋ ሥዕል የሌላ ሴት ሥዕል ነው።

ሥዕልን ማንሣት ብቻም አይበቃም፤ ማኖር ያስፈልጋል። በመተከልና በካማሺ ዞኖች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ግጭት አያሌ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሏል። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ነፍሱንና ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ አልበም ይዞ የሚወጣ ጥቂት ነው። የሞተውን አባት መልክ ለልጅ ልጅ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ከጠፋች ደግሞ የሚተካት የለም። ስልክም ይሰበራል፥ ይሰረቃል፥ ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ ከብዙ ሥዕሎች መካከል ጥቂቶቹን መርጦ አንዱን ቅጂ በወረቀት ማሳተም፥ አንዱን በኢንተርኔት ማከማቻ ማኖር፥ አንዱንም በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ መላክ ብልኅነት ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ሌንሱን ጥረጉ፤ «ውበት» የተባለውን ማስተካከያ አጥፉ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ አሥር ሰከንዱን አስቆጥሩ። ራሳችሁን በማንሣት የተማራችሁትን ጥበብ ግን በራሳችሁ ላይ ብቻ አትጨርሱት። ከቤቱ ውስጥ አንድም ሥዕል የሌላቸው እናት፥ አባት ወይም ጎረቤት ይኖራሉ። ወንበሩን ለእነርሱ ልቀቁላቸው፤ ኮሌታቸውን አስተካክሉላቸው፤ ብርሃኑ በፊታቸው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጠብቁ። ወደ ኪስ ሳይገባ የቀረው ባለሙያ እናንተ ናችሁ።